የካቲት በጅዳ ሰገነት

ዛሬ የማወጋሽ ስለ አየር ጠባይና በጣሳ ስለሚበቅል ጎመን ነው። «እኔ ከማጀት መውጫ አጥቼ አባ ስለ ጎመን ያወራሉ» ትዪ ይሆናል። ታገሺኝ፤ በመካከሉ ለጤናሽ የሚሆን ነገር አለበትና እስከ መጨረሻው አንብቢው።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር ጅዳ ነበርሁ። ታናሽ ወንድሜ ከነቤተሰቡ እዚያ ስለሚኖር በጉብኝት ቪዛ ጠርቶኝ ሦስት ሳምንት ሰነበትሁ። ጥምጥሜንና የእጅ መስቀሌን አገር ቤት ትቼ፣ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ኮት ደርቤ ነው የሄድሁት። ኮቱንም ቢሆን ከአውሮፕላን ማረፊያው በር አላሳለፍሁትም፤ በስልክ «ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ብርድ አለ» ያለኝ ወንድሜ ራሱ በጉርድ ሸሚዝ ተቀበለኝ። ዓርብ ዓርብ ዕረፍት የሚሰጣቸው እኅቶች ወደ እርሱ ቤት ይመጣሉ፤ ቡና ይፈላል፣ ወግ ይወጋል። የምነግርሽን ግማሹን ከእነርሱ አፍ ሰማሁት፣ ግማሹን በዓይኔ አየሁት።

እኛ በአብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ ስንማር ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍለን ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ ማለት በጋ፣ ከዚያ እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 ጀምሮ ክረምት ነው። እንግዲህ የካቲት በበጋው ልብ ላይ ነው። እኔ ባደግሁበት በጎጃም ደጋ በየካቲት መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ምንጩ መንምኖ፣ ጓሮው ራቁቱን ይቀራል፤ አረንጓዴ ቅጠል የፈለገ ሰው ወደ መስኖ ዳር መውረድ አለበት። ጅዳ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ታገኚዋለሽ። እዚያ የካቲት የክረምቱ ጅራት ነው፤ ቅጠላ ቅጠል በዓመት አንድ ጊዜ የሚያምርበት ወር ነው። ዐረቦቹ ወቅቱን «ሺታእ» ይሉታል። ቤሩት ያለሽው እኅቴ ደግሞ ዝናቡን ራሱን «ሺቲ» ሲሉት ሰምተሻል። ለእነርሱም እንደ እኛ ክረምትና ዝናብ አንድ ናቸው፤ የማይገናኘው ወሩ ብቻ ነው።

ብርዱ ምን ያህል ነው ካልሽኝ፣ በጥርና በየካቲት የጅዳ ቀን 28 እና 29 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ወደ 19 እና 20 ይወርዳል። ይህ ለደጋ ሰው ሙቀት ነው። ነገር ግን ማዳሟ ሹራብ ለብሳ «በርድ፣ በርድ» ትላለች፤ ልጆቹ ካልሲ ያደርጋሉ። እኅቶቻችንም አሥር ዓመት ከተቀመጡ በኋላ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። እኔ ስስቅ «አባ፣ እርስዎም አንድ ሐምሌ ቢከርሙ ይገባዎት ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ቤቱ ይዘጋል፤ መስኮት አይከፈትም፣ ሙከይፉ ሌት ተቀን ያጉረመርማል፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ቆሻሻ ለመጣል ብቻ ነው። ብዙዎቻችሁ እንዲህ አራት አምስት ወር ሰማይ ሳታዩ ትከርማላችሁ። ከኅዳር ወዲህ ግን መስኮቱ ይከፈታል፤ ቤተ ሰቡ ማታ ማታ ሰጥሑ ላይ፣ ማለት ጣሪያው ላይ፣ ምንጣፍ አንጥፎ ሻይ ይጠጣል። ልብስ ለማስጣት የወጣች ሴትም ግማሽ ሰዓት ብትቆይ የሚቆጣት የለም። ይህች ግማሽ ሰዓት ናት የእርሷ ጓሮ። አንዲት የሰቆጣ ልጅ በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ፤ በውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር ሦስት የኒዶ ጣሳ፣ አንድ የቀለም ባልዲ፣ ሁለት የሩዝ ከረጢት ተደርድረዋል። በጣሳዎቹ ናዕናዕ፣ በባልዲው ጤና አዳም፣ በከረጢቶቹ ጎመን አለ። በዚያ ቤት ስድስት ዓመት ስትሠራ የእኔ የምትለው ሌላ ነገር እንደሌላት ነገረችኝ። ሲከፋት ጤና አዳሙን አሽታ ታሸተዋለች።

ጅዳ ለአትክልት የተፈጠረች ከተማ አይደለችም። ወንድሜ አል-በለድ ወደሚባለው ወደ አሮጌው ከተማ ወሰደኝ። የእንጨት ጥልፍ የመሰሉ ሮሻን የሚባሉ መስኮቶች ያሏቸው፣ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ረጃጅም ቤቶች ናቸው፤ ሰፈሩ በ2014 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በዚያ ቤት ነሲፍ የሚባል ትልቅ ቤት አለ፤ በ1870ዎቹ ተጀምሮ በ1881 እ.ኤ.አ. ገደማ ያለቀ ነው። ደጃፉ ላይ አንድ የኒም ዛፍ ቆሟል። እስከ 1920ዎቹ ድረስ በከተማይቱ ያለ ዛፍ እርሱ ብቻ ነበር ይባላል፤ ስለዚህም ቤቱን ሰው ሁሉ «ዛፉ ያለበት ቤት» እያለ ይጠራው ነበር። አስቢው እኅቴ፣ አንድ ዛፍ ለአንድ ቤት አድራሻ ሲሆን! ውኃው የጉድጓድና የዝናብ ማጠራቀሚያ ነበር፤ ዛሬ ከባሕር ጨው ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ቧንቧው ባልደረሰበት ሰፈር «ወይት» የሚሉት የውኃ ቦቴ ያመላልሰዋል። ስለዚህ ውኃ ስትቀጂ እንደ አባይ ዳር ሰው አታፍሽሺ፤ ማዳሟ የምትቆጣው በዚህ ነውና።

ለማብቀል ያሰብሽ እንደሆነ አስቀድመሽ የቤቱን እመቤት አስፈቅጂ። የሰቆጣዋ ልጅ መጀመሪያ የተከለችው ጤና አዳምን አልነበረም፤ ናዕናዕን ነው። ከገበያ ከመጣው እስር ሁለት ዘለላ መርጣ በብርጭቆ ውኃ ሥር አስያዘችና ተከለች። ቤተ ሰቡ ከሰጥሑ ተቀጥፎ የመጣ ናዕናዕ በሻይ ከጠጣ በኋላ ባልዲውን ራሳቸው ገዙላት። ብልኅ ናት። ዘር ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም፤ በወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አለ። ኩዝበራ ብለው የሚጠሩት ድንብላል ፍሬው ለሁለት ተሰንጥቆ ቢዘራ ቶሎ ይበቅላል። ሑልባ የተባለው አብሽ በሦስት ቀን ብቅ ይላል። ጀርጂር ከገበያ የሚገዛ ርካሽ ዘር ነው፤ በወር ውስጥ ይበላል። ጎመን ግን ጊዜውን ይመርጣል። በጥቅምትና በኅዳር ተዘርቶ እስከ መጋቢት ቅጠሉ ይቀጠፋል፤ በሚያዝያ ያብባል፣ ይመራል። አገር ቤት እንደለመድሽው በሰኔ ብትዘሪው በሙቀቱ ተቃጥሎ ይቀራል። ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ ማምጣት ፈቃድ የሚያስጠይቅ ነገር ስለሆነ ራስሽን በጉምሩክ አታስጨንቂ። ጤና አዳምም በዚያው አገር አለ፤ በደቡቡ ደጋ ብዙ ነው፣ «ሸዛብ» ይሉታል፤ የጃዛንና የዐሲር ወንዶች ከአበባ ጋር ጎንጉነው በራሳቸው ላይ ያደርጉታል። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እኛ ለቡና የምንጨምረውን እነርሱ ዘውድ አደረጉት።

ሁለት ነገር ልብ በዪ። አንደኛው ጨው ነው። በጣሳው አፍ ላይ ነጭ ነገር ከጋገረ አፈሩ ጨው ይዟል ማለት ነውና ከሥሩ እስኪፈስ ድረስ አንድ ጊዜ ብዙ ውኃ አጠጪው። ከሙከይፉ ቱቦ የሚንጠባጠበው ውኃ ጨው የለበትም፤ ለሰው መጠጥ አይሆንም፣ ለተክል ግን መልካም ነው። ሁለተኛው ክሽክሽ የሚባለው የጎመን ቅማል ነው። በየካቲት፣ አየሩ መሞቅ ሲጀምር ከቅጠሉ ሥር ይሰፍራል። መድኃኒት መርጨት አያሻም፤ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ በጥብጠሽ ቅጠሉን ገልብጠሽ እጠቢው፤ ስትቀቅዪው ደግመሽ በንጹሕ ውኃ እጠቢ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በጅዳ በዓመት የሚዘንበው ሁሉ ቢጠራቀም 50 እና 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ አዲስ አበባ ከ1 ሺሕ ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ነገር ግን ያ ጥቂቱ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ኅዳር 16 ቀን 2002 ዓ.ም. በአንድ ጠዋት በዘነበው ዝናብ ጎርፍ ከ100 በላይ ሰው በላ። ጥር 18 ቀን 2003 ዓ.ም. ደገመ። ኅዳር 15 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማይቱ ደቡብ 179 ሚሊ ሜትር ወረደ፤ የሦስት ዓመቱን በአንድ ቀን ማለት ነው። መኝታሽ ምድር ቤት ከሆነ ሰማዩ ሲጠቁር ፓስፖርትሽን፣ ኢቃማሽንና ስልክሽን ከፍ ባለ ቦታ አድርጊ፤ ውኃ ሲገባ ዕቃ ለማውጣት ወደ ታች አትመለሺ።

እኔ ከመሄዴ በፊት ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በገና ዋዜማ፣ በጅዳና በመካ ብርቱ ዝናብ ዘንቦ ነበር። ከጅዳ ሰፈሮች ብዙ የዘነበበት አል-በሳቲን ነው አሉ፤ ትርጉሙ «አትክልት ቦታዎቹ» ነው፤ 38 ሚሊ ሜትር ተለካበት። በዚያ ዝናብ የሰቆጣዋ ልጅ ጣሳዎች ሥር ያሉት ሳሕኖች ሞሉ። እርሷ ተደሰተች፤ ውኃ ያለ ቦቴ ከሰማይ መጣላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ጣላት። ከዓይኗ ጀርባ ይወጋታል፣ አጥንቷ ሁሉ የተቀጠቀጠ ይመስላታል። በቤቱ «ጉንፋን ነው» ተባለ፤ አራት ቀን ቆማ ሠራች። በአምስተኛው ቀን ድዷ ደማ። ሐኪም ቤት ስትደርስ ደሟን መርምረው ደንጊ ነው አሏት።

ይህ በሽታ በጅዳ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በመካም አለ። የሚያስተላልፈው ትንኝ እግሩ ላይ ነጭ ቀለበት ያለበት ጥቁር ነው። እንደ ወባ ትንኝ ሌሊት ሳይሆን ቀን ይነድፋል፤ ይልቁንም በማለዳና አመሻሹ ላይ። የሚራባውም በረግረግ አይደለም፤ በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ነው። በአበባ ማሰሮ ሳሕን፣ ባልተከደነ ታንከር፣ በባልዲ፣ በተጣለ ጎማ። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ዓርብ ብትዪው፣ ሳሕኑን ሁሉ ድፊ። መድፋት ብቻም አይበቃም፤ እንቁላሉ ከዕቃው ግድግዳ ተጣብቆ ወራት በደረቅ ይቆያልና በብሩሽ ፈትጊው። የበለጠው ግን ሳሕኑን በአሸዋ መሙላት ነው።

ትኩሳቱ ከያዘሽ ብዙ ውኃ ጠጪ፤ ፓናዶል በመጠኑ ውሰጂ። አስፕሪንና ብሩፈን ግን አትንኪ፤ ደም ያፈስሳሉ። ትኩሳቱ ሲበርድ ዳንሁ አትበዪ፤ አደጋው ያን ጊዜ ነው። ሆድሽን አጥብቆ ከቆረጠሽ፣ ደጋግሞ ካስመለሰሽ፣ ከድድሽ ወይም ከአፍንጫሽ ደም ከወጣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ አለብሽ። ለማዳምሽ «ሑማ ድንክ» በያት፤ ሥራ ለመሸሽ የተፈጠረ ሰበብ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባታል፤ ትንኙ የእርሷንም ልጆች ይነድፋልና። በሳዑዲ የጤና ሚኒስቴሩ የስልክ መስመር 937 ነው። ቁጥሩን አሁኑኑ ጽፈሽ ያዢ። የሰቆጣዋ ልጅ ዳነች፤ ሳሕኖቿን በሙሉ በአሸዋ ሞልታለች።

መካን እኔ አላየሁም፤ ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባባትም። ወደ ጣኢፍ ስንወጣ መንገዱ ሹመይሲ አጠገብ ይለያል፤ እኛ በዳር አለፍን። ሹመይሲ ስትዪ ልብሽ ድንግጥ እንደሚል አውቃለሁ፤ ስንቱ ወገናችን ከዚያ ማቆያ ወደ አገሩ ተጭኗል። የመካን ነገር የነገረችኝ የወሎ ልጅ ናት፤ ሙስሊም ናት፣ ከወንድሜ ሚስት ጋር የአንድ ቀበሌ ልጆች ናቸው፤ ስትመጣ አብራ ቡና ትጠጣለች። መካ ከባሕሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በድንጋይ ተራሮች መካከል ያለች ሸለቆ ናት። ቀኗ ከጅዳ ይግላል፣ አየሯ ይደርቃል። ውኃ ጥንትም ጭንቋ ነበር፤ ከ1200 ዓመት በፊት የከሊፋ ሃሩን አል-ረሺድ ሚስት ዙበይዳ በገንዘቧ ከሩቅ ተራራ ቦይ አስቆፍራ ውኃ እንዳመጣችላት ታሪክ ይናገራል። ቦዩ ዛሬም በስሟ ይጠራል።

ክረምቱ በመልካም ከዘነበ ግን ያ ድንጋይ ያበቅላል። በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር የመካ ዙሪያ ተራሮች ሣር ለብሰው ከሳተላይት ሳይቀር አረንጓዴ ሆነው ታይተዋል። የወሎዋ ልጅ በዚያ ሰሞን «አገሬ የገባሁ መሰለኝ» አለችኝ። የሣሩ ዘር በአሸዋው ውስጥ ተኝቶ ዝናብ የሚጠብቅ ነውና አይደንቅም፤ በየካቲት መጨረሻ መልሶ ይደርቃል። አንድ ሥርዓት ነገረችኝ። በመካ ክልል ውስጥ ራሱ የበቀለ ዛፍና ሣር አይቆረጥም፤ ሰው በእጁ የተከለውን ግን መቅጠፍ ይፈቀዳል። እርግቡም አይገደልም፣ አይባረርም። ታዲያ ይኸው እርግብ የኩዝበራ ቡቃያዋን ለቅሞ ጨረሰባት! ማባረር አይሆንላት፣ መተውም አልሆነላት። በመጨረሻ የተሰበረ ማራገቢያ የፊት ወንፊት አግኝታ በሣጥኑ ላይ ደፋችበት። እርግቡ ከላይ ይቀመጣል፣ ኩዝበራው ከታች ያድጋል።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾማችን የካቲት 17 ገባ፤ የእነርሱ ረመዳን የካቲት 22። በአምስት ቀን ተከታተሉ። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ለጥቂት ዓመታት በዚህ በቀዝቃዛው ወራት ይውላል። በ2007 ዓ.ም. በሰኔ የገባ ጊዜ ምድጃ ፊት የቆማችሁ ታስታውሳላችሁ። አሁን ሙቀቱ ቀሏል፤ ሥራው ግን አልቀለለም። ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ እንግዳው፣ እስከ ሱሑር የማያልቀው ዕቃ አጠባ። በዚህ ላይ በመጋቢት ነፋሱ ይነሣል፤ ሰማዩ ብርቱካን ይመስላል፣ ጉባሩ በተከፈተው መስኮት ይገባል፤ ጠዋት የወለወልሽውን ማታ እንደገና ትወለውያለሽ። አፍሽን ሸፍነሽ ጥረጊ፤ አስም ካለብሽ በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይሁን። በመስኮት ደፍ ላይ ቆመሽ ውጭውን ጥረጊ ቢሉሽ «እወድቃለሁ» በዪ፤ ሕይወትሽ ከመስተዋት ይበልጣል።

ጾሙን በዚያ ማጀት የምትጾሚ አንቺ ምን እንደምትበዪ ስንቴ አስቤያለሁ። ድስቱ ሁሉ ሥጋ፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ ወተት። አንዷ «በሁለተኛው ሳምንት ሩዝና ቲማቲም አንገሸገሸኝ» አለችኝ። በየካቲት ከሰጥሑ አምስት ቅጠል ጎመን ቀጥፋ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የምታበስል ሴት ግን የእናቷን ቤት ትቀምሳለች። እኔ ጎመንን እንዲህ ሲያመሰግኑት ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ በተማሪነታችን በቁራሽ ላይ ሲደረግልን ፊታችንን እናዞር ነበር።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ጎረቤት አንድ ባንግላዴሻዊ አትክልተኛ ቴምር ላይ ወጥቶ ሲሠራ አየሁ። ቴምር ወንድና ሴት አለው፤ በክረምቱ መጨረሻ ሴቲቱ አበባዋን ስትከፍት ከወንዱ አበባ ጥቂት ዘለላ ወስዶ በመካከሉ ያስራል። ነፋስ ብቻ አይበቃውም፤ የሰው እጅ ይሻል። ፍሬው የሚደርሰው በበጋው ሙቀት፣ እናንተ ቤት በተዘጋባችሁ ወራት ነው። ጣኢፍ ደግሞ ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ ለእኔ ደብረ ማርቆስን ያስታወሰችኝ ከተማ ናት። ጽጌረዳዋ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ያብባል፤ ፀሐይ ሳያገኘው ጎሕ ሲቀድ ይለቀማል፤ ለአንዲት ቶላ ዘይት ከ10 ሺሕ የማያንስ አበባ ይፈጃል። ቤተ ሰቡ ለሽርሽር ይዞሽ ከወጣ ሹራብ ያዢ፤ ሌሊቱ የእውነት ይበርዳል፣ የጅዳ ቀሚስ አይችለውም።

በሚያዝያ ጎመኑ ቢጫ አበባ ሲያወጣ አትንቀዪው። አንዱን እግር ተዪው፤ አበባው ቆባ ይሠራል፣ ቆባው ሲደርቅ ዘር ነው። ጤና አዳሙንና ናዕናዑን የቀትር ፀሐይ ወደማያገኘው ጥግ ሳቢያቸው፤ ውኃ የምታጠጪው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን፤ በቀን ከታንከሩ የሚወጣው ውኃ ራሱ ይፈላልና ሥሩን ይቀቅለዋል። የጎመኑን ዘር በፌስታል አትቋጥሪው፣ ይሻግታል። በወረቀት ጠቅልለሽ፣ ላዩ ላይ ወሩን ጽፈሽ፣ ሙከይፍ ባለበት ክፍል ከልብስሽ መካከል አኑሪው። በጥቅምት ታወጪዋለሽ።